ገብስ ማሳ ላይ የቆሙ ዋልያዎች

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ ቆርሰው፣ ንግግር አድርገው፣ ክፍሌ በር ላይ የነበረውን የስም ሰሌዳ ነቅለው ሸለሙኝ። ሰሌዳው አሁን ሜልበርን፣ ብሬብሩክ ሰፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ፣ ከሣር ማጨጃው ኋላ ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቴ ወይንሸት ሳሎን እንስቀለው ብላ ስንት ጊዜ ለምናኛለች። «ሰው ይህን ያህል ዘመን በሠራው ሥራ አይኮራም እንዴ?» ትለኛለች። በብዙው እኮራለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን አፍራለሁ፤ ሀፍረቱ ደግሞ ኋላ መጥቶ የፊተኛውን ሁሉ አበላሸብኝ። ሰሌዳው ከተሰቀለ እንግዳ ሁሉ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፣ እኔም መመለስ ይኖርብኛል። ስለዚህ ጋራዥ ይቆይ።

የነበርኩት ካርታ ሠሪ ነው። ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ ካርታ በሚያዘጋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ረዳት ነዳፊ ሆኜ ሁለት ዓመት ያህል እንደ ሠራሁ አገር ጥዬ ወጣሁ። ሱዳን ከርሜ ሜልበርን ስደርስ ያረፍኩት ፍሌሚንግተን ሰፈር፣ መንግሥት በርካሽ ከሚያከራያቸው ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ዌሪቢ ከሚባል ቦታ፣ እርሻ ላይ አበባ ጎመን መቁረጥ ሆነ። ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል፣ ከሰዓት ወገብ አልቀና ይላል። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ቤት አበባ ጎመን ከቀረበልኝ ጾም ላይ ነኝ እላለሁ፤ ጎመን የጾም ምግብ መሆኑን የሚያስታውሰኝ ሰው ካልተገኘ በቀር።

እንግሊዝኛ የምታስተምረን ሴት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የካርታ ክፍል ረዳት እንደሚፈልግ ነገረችኝና ከጎረቤት ኮት ተውሼ ሄድኩ። በእንግሊዝኛ ገና አፌን አልፈታሁም ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ግሬም የሚባል ሰው ነው። ሁለት ሦስት ጥያቄ ጠየቀኝና መልሴ ለሁለታችንም እንዳልገባን ሲያውቅ ተወኝ፤ ብዕርና የቀለም ጠርሙስ አቀረበልኝ። ከምንጩ ቀጥኖ ተነሥቶ እስከ ባሕሩ እየወፈረ የሚሄድ ወንዝ እጄን ሳላነሣ እንድነድፍ በምልክት አሳየኝ። ነደፍኩ። «ሰኞ ጀምር» አለኝ። ደመወዙ ከአበባ ጎመኑ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ነገር ግን ቁጭ ተብሎ ይሠራል።

ግሬም ረዥም፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ የሹራቡ ክርን ሁልጊዜ የተጣፈ ሰው ነበር። በስሜ ጥራኝ ይለኛል። እኔ ደግሞ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው በስሙ መጥራት አልሆንልህ ብሎኝ «ሚስተር ግሬም» እያልኩ ከረምኩ። እሱም ተስፋ ቆርጦ «ሚስተር ሰይፉ» ይለኝ ጀመር። የክፍሉ ሰው ሁሉ ይስቅብን ነበር።

ይህ ሰው አንድ ልማድ ነበረው። ካርታ ሲጨርስ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና ከመካከላችን በሥራ አዲስ የሆነውን ይጠራል። «ስህተቴን ፈልግልኝ» ይላል። ስህተት ሳይገኝ ካርታው ከግድግዳ አይወርድም፣ እሱም ምሳውን አይበላም። ተራው መጀመሪያ የደረሰኝ ቀን ካርታው ፊት እንደቆምኩ ወዲያው አየሁት፤ አንዲት ጅረት ኮረብታውን ሽቅብ ትወጣለች። የከፍታውን መስመሮች የሚያነብ ሰው ሊያልፈው አይችልም። እኔ ግን እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ምንም የለውም» አልኩ። ሽማግሌ ሰውዬ ፊት ቆሜ፣ ያውም ሥራ የሰጠኝን፣ ተሳስተሃል ልበለው?

ግሬም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሳንድዊቹ በወረቀት እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሌሎቹ ምሳ በልተው ተመለሱ። እሱ ሻይ ብቻ እየጠጣ አንዴ ካርታውን አንዴ እኔን ያያል። መጨረሻ ላይ አላስችል አለኝና ጣቴን ጅረቷ አጠገብ አድርጌ «ምናልባት እኔ አላየሁት ይሆናል እንጂ...» ስል ከመቀመጫው ዘሎ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። ወንድ ልጅ ተወለደልህ የተባለ ይመስል ነበር። «ከጠዋት ጀምሮ ታውቅ ነበር አይደል?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። «ሚስተር ሰይፉ፣ ሁለተኛ እንዳታስርበኝ» ብሎ ሳንድዊቹን ፈታ።

ሌላም ነገር አስተምሮኛል። የሌላ ሰው ካርታ እጁ ሲገባ፣ ቆንጆ ነው አስቀያሚ ነው ሳይል፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየት ተነሥቶ ነው የተለካው?» ብሎ ነው። ማንኛውም ካርታ ምድርን ለመለካት የሚነሣበት መሠረት አለው፤ እኛ በሥራችን ዳተም እንለዋለን። የተለያየ አገርና የተለያየ ዘመን በተለያየ መሠረት ለክቷል። በአንዱ መሠረት የተለካውን ሳያስተካክሉ በሌላው ላይ ካነጠፉት ሁሉም ነገር ከቦታው ይንሸራተታል። አንዳንድ ቦታ በጥቂት እርምጃ፣ አንዳንድ ቦታ አንዱን መንደር ከሌላው በሚያሳስት ርቀት። ማስተካከያው ቀላል ነው፣ የታወቀ ስሌት ነው። የሚያስፈልገው መጠየቁን አለመርሳት ብቻ ነው።

ብዕሩ ቀርቶ ኮምፒውተር ሲመጣ ግሬም ጡረታ ወጣ። እኔ ኮምፒውተሩን እንደምንም ተማርኩት፤ እያመመኝም ቢሆን። ከእኔ በላይ የነበሩት አንድ በአንድ ሲሄዱ ወንበሩ ለእኔ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ያለፉትን አለቆች አልዘረዝርም፤ ሁሉም ከላይ ሆነው ቅጽ የሚልኩልን ሰዎች ነበሩ። ክፍሉ የእኔ ሆነ። የግሬምን ጥያቄ ወረስኩ። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ ፊታቸው ቆሜ «ከየት ተነሥቶ ነው የተለካው?» እያልኩ አፋጥጣቸው ነበር፣ ደስም ይለኝ ነበር።

ግድግዳውን ግን አልወረስኩም። ሽበት እያወጣሁ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ጠርቼ ስህተቴን ፈልግልኝ ማለት አልመጣልህ አለኝ። ለፈረንጅ ያምራል፣ ለእኔ አያምርም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በምትኩ ማንኛውም ሥራ ከመውጣቱ በፊት ሁለተኛ ሰው እንዲያየው ደንብ አወጣሁ። ደንቡ ለሌሎች ነበር። የኃላፊውን ሥራ ማን ያየዋል?

የዱር አራዊት አጥኚዎች ወደ እኛ መምጣት የጀመሩት በዚያ ዘመን ነው። አንዱ ተማሪ በሰሜን አውስትራሊያ የምትኖር፣ ኳል የምትባል፣ ነጠብጣብ ያለባት ድመት የምታህል አውሬ ያጠና ነበር። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ የት ልትኖር እንደምትችል ለማወቅ ነው ድካሙ። ሥራውን ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ ተማርኩ። አውሬዋ የታየችበትን ቦታ ሁሉ በነጥብ ታስቀምጣለህ። ከነጥቦቹ ሥር የከፍታውን፣ የተዳፋቱን፣ የሙቀቱን፣ የዝናቡን ካርታ ታነጥፋለህ። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ነጥብ ያረፈበትን አይቶ አውሬዋ ምን ዓይነት ቦታ እንደምትወድ ይማራል። ከዚያ የነገውን ሙቀትና ዝናብ ስትሰጠው «ያኔ ልትኖር የምትችለው እዚህና እዚህ ነው» ይልሃል። ነጥቡ የተሳሳተ ቦታ ካረፈ ግን አይጮህም፣ አይቃወምም። ስህተቱን በትጋት ይማርልሃል።

ራሔል የመጣችው እኔ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው። ከኢትዮጵያ በስኮላርሺፕ የመጣች፣ ለዶክትሬት የምትማር፣ ሥነ ሕይወት ያጠናች ልጅ ናት። ጉዳይዋ የሰሜን ተራሮች ዋልያ ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ለዚያ እንስሳ ምን ያህል ገደል እንደሚቀርለት ማወቅ። የምታማክራት ፈረንጇ ፕሮፌሰር ሄለን ወደ ክፍሌ ይዛት ስትመጣ ልጅቷ ስሜን በሩ ላይ አንብባ ኖሮ፣ ሰላምታውን በአማርኛ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰጠችኝ። «ጋሼ ሰይፉ፣ እንደምን ዋሉ?» ያን ያህል ዘመን በዚያ ሕንጻ ውስጥ ስሠራ ጋሼ ያለኝ ሰው አልነበረም። እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

ወይንሸት ፍሌሚንግተን አንዲት ደግ ሴት ቤት ክፍል አገኘችላት። ቤተ ክርስቲያን ይዘናት ሄድን። እሁድ እሁድ እኛ ጋ ትበላለች። ሣራ ልጃችን በእንግሊዝኛ ስትመልስልኝ ራሔል በአማርኛ እየተረጎመችላት ሁለቱም ይሳሳቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ሳገኝ «ይህች ዶክተር የምትሆነው የኛ ልጅ ናት» እላለሁ፤ እኔ የወለድኳት ይመስል።

አንድ ቀን የድሮ የወረቀት ካርታዎችን ቅጂ ተሸክማ መጣች። የፓርኩ የድሮ ጠባቂዎች ዋልያ ያዩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገውባቸዋል፤ ኅዳጉ ላይ በአማርኛ ያዩትን ጽፈውበታል። እነዚያ ምልክቶች ወደ ኮምፒውተር ካልገቡ ድሮና ዘንድሮን ማነጻጸር አትችልም። ሄለን ከክፍሌ ወጣቶች አንዱ እንዲሠራላት ጠይቃ ነበር። «ለማንም አትስጪ፣ እኔው እሠራዋለሁ» አልኳት። «ጋሼ፣ ሥራ ይበዛብዎታል...» ስትል «ምን ይበዛብኛል! ከክፍላችን አማርኛውን ከእኔ በቀር ማን ያነበዋል?» አልኩ።

እውነቱን ለመናገር የሰሜን ተራሮችን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። ጨነቅ፣ ግጭ የሚሉትን የቦታ ስሞች በእርሳስ ተጽፈው ሳይ ግን አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ምልክቶቹን አንድ በአንድ ስለቅም የጠባቂዎቹን ጽሑፍ ለራሴ ድምፄን አውጥቼ አነብ ነበር። «አንድ አውራ፣ ሁለት ግልገል፣ ከቋጥኙ ሥር።» እንዲህ ተመስጬ ስሠራ፣ ለማያውቀው ሁሉ የማስተምረውን የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልጠይቅ አለፍኩ። የወረቀት ካርታዎቹ በድሮው መሠረት የተለኩ ናቸው፤ እኔ ከዛሬው የጂፒኤስ መሠረት ጋር ሳላስተካክል አነጠፍኳቸው። ሁለተኛ ሰውም አላየውም። አማርኛ ስለማያነቡ ምን ያዩልኛል አልኩ። ዳተም ለማየት አማርኛ ማንበብ እንደማያስፈልግ ያኔ አልታየኝም።

ስህተቱ ወደ ደቡብ ከሁለት መቶ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ሜዳ አገር ቢሆን ማንም ልብ ላይለው ይችላል። በሰሜን ተራሮች ግን ገደሉ ወደ ሰሜን አቅጣጫ ይወርዳል፣ ከገደሉ አፋፍ በስተደቡብ ያለው አምባ ሜዳና እርሻ ነው። ስለዚህ የድሮዎቹ ዋልያዎች በሙሉ ከገደላቸው ወጥተው ገብስ ማሳ ላይ ቆሙ። ራሔል ራሷ በጂፒኤስ የያዘቻቸው የዘንድሮዎቹ ደግሞ ገደሉ ላይ ናቸው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አነጻጽሮ፣ ዋልያ ድሮ ሜዳ ይወድ ነበር፣ አየሩ ሲሞቅ ወደ ገደል ሸሸ አለ። ሄለን በጣም ተደሰተች። ትልቅ ግኝት ነው ተባለ፣ የራሔል የዶክትሬት ጽሑፍ የመጀመሪያ ምዕራፍም በእሱ ላይ ተመሠረተ። እኔም ስሜ በምስጋናው ገጽ ላይ ሲገባ አላፈርኩም።

ራሔል ለመስክ ሥራ እንደገና ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዳ ከደባርቅ የተገዛ በሶ ይዛልኝ ተመለሰች። ክፍሌ ገብታ ቁጭ አለች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

«ጋሼ፣ ከድሮዎቹ ነጥቦች አንዱ ጋ ሄጄ ቆሜ ነበር» አለችኝ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«ገብስ ነው። እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ገብስ ብቻ ነው ያለው።»

«ሸሽቶ ነዋ! አንቺስ የምታጠኚው ይህንኑ አይደል?» ብዬ ሳቅኩ።

እሷም ፈገግ ብላ «እሺ ጋሼ» አለች። ሌላ ቀን ደግሞ ተመልሳ መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች፣ «ጋሼ፣ ያን ካርታ ሌላ ሰው አንዴ ቢያየው ምን ይመስልዎታል? ለእርስዎም ድካም እንዳይሆን ብዬ ነው» አለች።

«ምነው፣ አላመንሽኝም?» አልኳት። በቀልድ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም።

ፊቷ ቀላ። «ኧረ በስመ አብ! ምን ማለትዎ ነው ጋሼ!» ብላ ወጣች።

አሁን ሳስበው ፊቴ ይነድዳል። እኔ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ። የኛ አገር ልጅ ታላቁን «ተሳስተዋል» ለማለት ከዚህ የበለጠ ምን ቃል አላት? ከዚህ በላይ መጮኽ አይቻላትም። ግሬም የእኔን «ምናልባት እኔ አላየሁት ይሆናል» ሰምቶ ተረድቶኛል፤ ቋንቋዬን የማያውቅ ፈረንጅ። እኔ የገዛ ቋንቋዬን አልሰማሁም። መስማት የማልፈልገው ነገር ስለ ነበረ ነው እንጂ ጆሮዬስ ደህና ነው።

ከዚያ በኋላ ራሔል ጠፋች። እሁድ እኛ ጋ መምጣት ተወች። ስንደውል ሥራ በዛብኝ ትላለች። ሄለን ኮሪደር ላይ አግኝታኝ ልጅቷ አንድ ምዕራፍ ይዛ ቁጭ ብላለች፣ ምን እንደሚያቆያት አትነግረኝም አለችኝ። ይህን ጊዜ ቢያንስ ልጠይቃት ይገባ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ክፍሌ ጠርቼ መከርኳት። በደህና ስኮላርሺፕ ላይ ሆና መዘግየት እንደማይገባ፣ እኛ አበባ ጎመን እየቆረጥን ከዚህ እንደ ደረስን፣ ትጋት ምን እንደሆነ ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «ራሔልማ ፈረንጅ ሆነች፣ ዘመድ አትጠይቅም» ብዬ አስቄባታለሁ። ይህ ከሁሉ የባሰው ነው መሰለኝ። ወይም እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያመኝ ነው።

ጽሑፏን ከማስገባቷ በፊት ተማሪዎችና መምህራን ፊት ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። እኔም እንደ አባት ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የድሮዎቹን ነጥቦች ስታሳይ እኔ ከሠራሁት ጥቂት ብቻ መቅረታቸውን፣ ቀሪዎቹ ሌላ ቦታ መሆናቸውን አየሁና ግራ ገባኝ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ። «ይቅርታ፣ እነዚህ የወረቀት ካርታዎች በየትኛው ዳተም ነው የተለኩት?»

ራሔል ወደ እኔ አየች። ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ሰበረች፤ ማየቷን ሰው እንዳያይባት። «ስህተቱ የእኔ ነው» አለች። «እያስተካከልኩት ነው።»

እኔ ያኔ ገባኝ። ተነሥቼ፣ ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የእኔ ነው፣ እሷ አታውቅም አልኩ። በየዓመቱ «ከየት ተነሥቶ ነው የተለካው?» እያልኩ ያፋጠጥኳቸው ልጆች ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንዳቸውም አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሄለን «እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል» ብላ ስብሰባውን ቀጠለች።

በዚያው ከሰዓት ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ማስተካከያውን ሠራሁ። ነጥቦቹ አንድ ላይ ተንቀሳቅሰው ከገብሱ ወደ ገደሉ ተመለሱ። ገና አልመሸም ነበር። ከዚያ ራሔል የራሷን አሳየችኝ። ነጥቦቹ ለምን ከቦታቸው እንደወጡ አላወቀችም፣ ካርታ ሙያዋ አይደለም፤ መውጣታቸውን ግን አውቃለች። ስለዚህ የጠባቂዎቹን ጽሑፍ እያነበበች፣ «ከቋጥኙ ሥር» ያለውን ከቋጥኙ ሥር፣ «ከፏፏቴው በላይ» ያለውን ከፏፏቴው በላይ፣ በሳተላይት ፎቶ እየፈለገች እያንዳንዱን ነጥብ ለብቻው መልሳ ታስቀምጥ ነበር። ብቻዋን፣ ለማንም ሳትናገር፣ ከዓመት በላይ። የእሷን በእኔ ላይ ባነጥፈው አንድ ላይ ሊሆን ምንም አልቀረው። እንዴት ያለ ሥራ ነው! እኔ በአንድ ከሰዓት የምጨርሰውን የልጅነት ዕድሜዋን ፈጀችበት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ» አለች። ወዲያው ደግሞ እንዳጠፋች ሁሉ «እኔ ነኝ ደኅና አድርጌ ያልነገርኩት» ብላ ጨመረች።

ስኮላርሺፑ ጽሑፉ ሳያልቅ አለቀ። ሄለን እንዲራዘምላት ጠየቀች። እኔም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገልጬ ጻፍኩ፤ ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። ራሔል ዌሪቢ ያለ መጋዘን ውስጥ ሺፍት መሥራት ጀመረች። ከሥራ በሚተርፋት ሰዓት እንደምትጽፍ ሰማን። እኔ በዚያው ወራት በኬክና በጭብጨባ ተሸኘሁ። በንግግራቸው ውስጥ «ታማኝነቱ» የሚል ነበረበት፤ ተነሥቼ ስላመንኩ ነው። ጥፋቴንም ምስጋና አደረጉልኝ። ጭብጨባው እስኪያልቅ የት እንደምገባ ጠፍቶኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ሣራ ነገሩን ስትሰማ «ዳድ፣ ሺ ሹድ ሃቭ ጀስት ቶልድ ዩ» አለች። በቀጥታ ልትነግርህ ይገባ ነበር ማለቷ ነው። ወይንሸት ተቆጣቻት። «ምን ብላ ትንገረው? እሱ ራሱ አባቱን ተሳስተሃል ብሎ ያውቃል?» አለች። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ደወለልኝ። ታክሲ ሲነዳ የኖረ፣ አሁን እንደ እኔ ጡረተኛ የሆነ ሰው ነው። «እሁድ ከሰዓት ለአንድ ጉዳይ እንመጣለን፣ ቤት ሁን» አለኝ። የዕድር ነገር መስሎኝ ነበር። በሩን ስከፍት ከኋላው ራሔል ነጠላ ለብሳ ቆማለች። ከስታለች።

ደምሴ አልቀመጥም አለ። «ሰይፉ፣ ጾም እየገባ ነው። ይህች ልጅ ሰው ፊት አዋርጄዋለሁ ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ይቅር እንድትላት ነው ይዣት የመጣሁት።»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ራሔል ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። «በጊዜው ደፍሬ ብነግርዎት ኖሮ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት አይቆሙም ነበር። እንደ አባት ተቀብለውኝ እኔ ግን አሳፈርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ተነሺ! ምን ማለትሽ ነው! ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ!» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ላነሣት ጎንበስ ብል እምቢ አለች።

ደምሴ በደስታ ራሱን ነቀነቀ። «ይኸው፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው። ሳይበድል ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል። እኛ እናውቅሃለን ሰይፉ። አሁን ግን ልጅቷን መሬት ላይ አታቆያት።»

«አይደለም ደምሴ፣ አልገባህም፣ በድያታለሁ እኮ...»

«ተወው እሱን፤ ቃሉን ብቻ ስጣት።» ወይንሸትም ከኋላዬ ሆና «ኧረ ሰይፉ፣ ጉልበቷን ያማታል» አለች። ሁሉም ይጠብቁኛል። በተናገርኩ ቁጥር ደግነቴ ይጨምራል እንጂ ጥፋቴ አይሰማም። ልጅቷ ደግሞ ቃሉ ካልወጣ እንደማትነሣ አውቃለሁ፤ አስተዳደጓን አውቀዋለሁ፣ የእኔም ነው።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

ጉልበቴን ሳመችው። እያለቀሰች ትስቃለች። ደምሴ ቆሞ መረቀን። «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር በመካከላችሁ አይነሣም። እርቅ ወርዷል፣ ተዘግቷል» አለ፤ እኛም አሜን አልን። ወይንሸት ዳቦና ሻይ አቀረበች። ቤቱ ሞቅ አለ። ራሔልን እንዲህ ዘና ብላ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነበር።

ወይንሸት ሻይ እየቀዳች «እና ትምህርቱስ? መቼ ነው ዶክተር የምንልሽ?» አለቻት።

ራሔል ስኒዋን አስቀመጠች። «ትቼዋለሁ እትዬ። መጋዘኑ ቋሚ አደረገኝ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው።»

«መቼ ነው የተውሽው?» አልኩ።

«ቆየ ጋሼ» አለች። ከመምጣቷ በፊት መሆኑ ነው። እርቁ ሳይፈጸም ብትናገረው እኔን መውቀስ እንዳይመስልባት ሳትነግረን ቆየች።

አፌን ከፈትኩ። ደምሴ እጁን ጉልበቴ ላይ ጫን አደረገ። «ሰይፉ፣ አይነሣም ተባብለናል።»

ሁሉም አዩኝ፤ ራሔልም በልመና ዓይን። የዳቦውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁና «ብዪ እንጂ ልጄ» አልኳት።